ሐጂ ካምፐሩን የነዳ ቀን

አስቀድሜ የነበርነውን ሰዎች ልዘርዝር። ስም አልጠራም፤ የነበረ ሰው ግን ራሱን ያውቃል። መሪውን የያዘው ሐጂ ነበር፤ ጆሀንስበርግ ጄፒ ሰፈር የጅምላ ሱቅ ያለው፣ የጭነት መኪናውን ለማንም ሳይሰጥ ራሱ የሚነዳ የስልጤ ሰው። ከጎኑ የካምፐሩ ባለቤት ተቀምጧል፤ አሌክሳንድራ ውስጥ አንዲት ስፓዛ፣ የሰፈር ሱቅ፣ አብረን የምንሠራ ሸሪኬ፣ የሆሳዕና ልጅ። ከኋላ፣ ከትንሿ ጠረጴዛ አጠገብ፣ የሸሪኬ አክስት እማማ ነበሩ። ከእሳቸው ፊት ለፊት እኔ፣ ከወላይታ የመጣሁት። ጆሀንስበርግ ላይ ደግሞ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ልትወልድ የተቃረበችው የእማማ ልጅ፣ ባሏ፣ እና እስከዚያች ሰዓት ድረስ የማናውቀው አንድ የሆስፒታል ዘበኛ። ሰባት ማለት ነው። በጉን አልቆጠርኩም፤ በጉ አልመጣምና።

ሐጂ «ሐጂ» ስንለው ይቆጣ ነበር። «ገና ሳልሄድ!» ይላል። በዚያ ዓመት ሊሄድ ተዘጋጅቶ ሳለ ወረርሽኙ መጣና መንገዱ ተዘጋ። ዕድሜው ከአርባ ብዙም አልዘለለም፤ አንቱ ስንለው ደግሞ የባሰ ይቆጣል።

ካምፐር ለማያውቅ ሰው፣ ከኋላው ቤት የተሠራለት መኪና ነው። አልጋ አለው፣ የጋዝ ምድጃ አለው፣ በሩ እንደ ቁም ሣጥን የሚከፈት ጠባብ መጸዳጃ አለው። ሸሪኬ የገዛው ከምሥራቅ ጆሀንስበርግ ሰፈሮች ከአንዱ፣ ባሕር ማዶ ወዳሉ ልጆቻቸው ሊሄዱ ዕቃ ይሸጡ ከነበሩ ነጭ ባልና ሚስት ነው። ሎክዳውኑ ጠንክሮ ሱቃችን በተዘጋበት ሰሞን ስለ ባሕር ብቻ ያወራ ነበር። «አንድ ቀን በሩን ዘግቼ፣ ቤቴን ነድቼ፣ ውኃው ዳር አቆመዋለሁ» ይላል። መጋረጃዎቹ ሰማያዊ አበባ ነበራቸው፤ አልቀየራቸውም።

በሾፌሩ በር ኪስ ውስጥ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነበር። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከብስኩትና ከሳሙና ካርቶኖች ላይ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሳገኝ አልተወውም። ከጋዙ መዝጊያ ጀምሮ እስከ ጣሪያው ድረስ አነበብኩት። መጀመሪያ የገባኝ ነገር ለሸሪኬ ደስ የማይል ነበር፤ መኪናው በእሱ የመንጃ ፈቃድ ከሚነዳው በላይ ይመዝን ነበር። የእሱ ፈቃድ ለትንሽ መኪና ነው። ይህ የጭነት መኪና ፈቃድ ይጠይቃል።

እማማ ከወረርሽኙ በፊት ለጥየቃ ነበር የመጡት። አውሮፕላን ሲቆም እዚሁ ቀሩ። ያን ጊዜ ሌዲስሚዝ ሱቅ ያለው ወንድ ልጃቸው ዘንድ ነበሩ፤ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር መሻገር ሲከለከል እዚያው ተያዙ። ሴቷ ልጃቸው ደግሞ ጆሀንስበርግ፣ ትሮይቪል ሰፈር ሆና ሆዷ እየገፋ ሄደ። የመጀመሪያ ፅንሷ ከዓመታት በፊት ሲጨናገፍ እናቷ ሩቅ ነበሩ። ያን ጊዜ በስልክ አንድ ቃል ሰጥተዋት ነበር፤ «ሁለተኛው ሲመጣ፣ ከመግባትሽ በፊት አይሻለሁ፣ እመርቅሻለሁ።» እናት ልጇን ሳትመርቅ ወደ ምጥ መላክ በእነሱ ዘንድ የለም። ሆስፒታሎቹ ያን ጊዜ ጠያቂ አያስገቡም። አንዴ ከገባች በኋላ እስክትወጣ ድረስ ማየት አይቻልም። ስለዚህ መንገዱ ሲከፈት ነገሩ ሁሉ ከዚህች አንዲት ጉዳይ ላይ ወደቀ፤ እማማ ልጃቸው ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት ይደርሳሉ ወይስ አይደርሱም? ሐኪሙ ለኦፕራሲዮን ቅዳሜ ጠዋት ብሎ ነበር። እኛ ዓርብ ከሰዓት እንደርሳለን ብለን አሰብን።

በአውቶቡስ ወይም በታክሲ ማምጣቱን ፈራን፤ ታክሲው ውስጥ ሰው ተደራርቦ ነው የሚቀመጠው። በዚያ ላይ እማማ ከደረሱ በኋላ ወደ አራሷ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ለብቻቸው ጥቂት ቀን መቆየት ነበረባቸው። ካምፐሩ መኪናም ማደሪያም ይሆናል፤ ትሮይቪል ግቢው ውስጥ እናቆመዋለን። ሸሪኬ ይህን ሲያስብ ባሕሩን የረሳ መሰለ።

ሐጂን ለመለመን ጄፒ ሄድን። ማስክ አድርጎ፣ ከጀርባው የዘይት ጀሪካን ተደርድሮ፣ ደረሰኝ እየቀደደ ነበር።

«ሽርሽር ነው በለው» አለው ሸሪኬ። «ጭነት የለም። ሚስትህም የለችም።»

«የትኛዋ?»

«ሁለተኛዋ።»

ሐጂ ሳቀ። ሁለተኛ ሚስቴ የሚለው በጭነት መኪናው ላይ የተገጠመውን ትራከር ነው። ከፍጥነት ሲያልፍ ጢጥ ጢጥ ትላለች፤ ብዙ ሰዓት ሳያርፍ ሲነዳ ጢጥ ጢጥ ትላለች፤ ያደረገውንም ሁሉ ለኢንሹራንሱ ትናገርበታለች። «ከመጀመሪያዋ የምትለየው» ይል ነበር፣ «ይቺ አትታረቅም።»

«እነዳለሁ» አለ። «ግን በጭነት መኪና ሕግ ነው የምነዳው። አርፋለሁ፤ ጭነቱን እኔ ነኝ የማስተካክለው፤ ቁልፉም ከእኔ አይወጣም።»

«ሕጉኮ ካምፐርን አይመለከትም! የሸጠልኝ ሽማግሌ በቁምጣ፣ ውሻውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነበር የሚነዳው።»

«ውሻውን አላመጣችሁልኝም እንጂ።»

«የምሬን ነው። ማንም አይከፍለኝም፤ ለመዝናናት ነው የምነዳው። እዚህ አገር ከገባን ጀምሮ ወረቀት አሳይ፣ ፐርሚት አሳይ ሲሉን ኖርን። አሁን ደግሞ በገዛ ቤቴ ላይ ጠባቂ ይቀመጥብኝ?»

ሐጂ ደረሰኙን አስቀመጠ። «ቤትህ የእኔን ትንሿን ጭነት መኪና ያህል ይመዝናል። እሷን ለመንዳት ፈቃዴን ባደስኩ ቁጥር ሐኪም ዓይኔንና ደሜን ያየኛል። የሽማግሌህን ዓይን ማን አየው?»

«ውሻው» አለ ሸሪኬ።

እዚያ የነበረ ገዢ ሁሉ ሳቀ፤ ሐጂም ሳቀ። ሐሳቡን ግን አልቀየረም።

ሐሙስ ወረድን፤ ሐጂ ሌዲስሚዝ እንደደረስን በልቶ ተኛ። በማግሥቱ ጠዋት ሱቁ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ በሰው ተሞላ። የአካባቢው የእኛ ሰዎች ሁሉ፣ ማስክ አድርገውም ቢሆን፣ ለአራሷ የሚሆን ይዘው መጥተው ነበር። እዚህ ላይ ነው የእኛ ስሕተት የጀመረው። ወደ አራስ ባዶ እጅ አይኬድም፤ ስለዚህ የመጣው ሁሉ ገባ። የቡላ ዱቄት፣ በጣሳ የታሸገ ቅቤ፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ የዳይፐር ካርቶን፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ። ሁሉም ከኋላ ተደረደረ፤ በሩ ያለው እዚያ ነዋ። የካምፐሩ ጭራ ወደ መሬት ወረደ፤ ፊቱ ቀና አለ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ በግ እየጎተቱ መጡ።

«መጸዳጃው ውስጥ ይቆማል» አለ የእማማ ልጅ። «ለክቶ የተሠራ ነው የሚመስለው።»

እውነቱን ለመናገር ለክቼው ነበር፤ ይበቃው ነበር።

ሐጂ ፊቱን ታጥቦ ሲወጣ ይህን አየ። ወደ ኋላ ሄዶ ጎማውን ተመለከተ፤ ከዚያ ማውረድ ጀመረ። ከባዱን ከመሐል፣ ከወለሉ ላይ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል አደረገው፤ ገንዳውን አውርዶ ሜዳው ላይ ተወው።

«በጉስ?» አሉት ሽማግሌው።

«አባባ፣ ሰው ከጫንኩ ከብት አልጭንም፤ ከብት ከጫንኩ ሰው አልጭንም። እዚያ ስደርስ በግ እኔ እገዛለሁ፤ የእርስዎ ነው ብዬም እሰጣለሁ።»

«አንተ ካረድከው እኛ እንዴት እንበላዋለን?» አለ ሸሪኬ ሊተነኩሰው።

«ለአንተ ማን ሰጠህ? ለአራሷ ነው።»

ከዚህ የከበደው የእማማ ነገር ነበር። ልጃቸው ከኋላ ያለውን አልጋ በአዲስ አንሶላ አንጥፎ፣ ትራስ ደራርቦ ነበር። ለእናት የሚገባው የክብር ቦታ እሱ ነው፤ ማንም ሌላ አላሰበም። ሐጂ ግን አልጋው ላይ ቀበቶ እንደሌለ አሳየውና እማማን ከጠረጴዛው አጠገብ ካለው ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ጠየቀ።

«እናቴን እንደ ጆንያ ልታስራት ነው?» አለ ልጁ። ድምፁ ቀልድ አልነበረውም።

«ጆንያማ ሳላስር አልሄድም» አለ ሐጂ። «እናትህን ከጆንያ አሳንሼ ልያዝ?»

እማማ ራሳቸው ገብተው ተቀመጡ። ቀበቶውን ሳስርላቸው ክንዳቸውን ነካሁት፤ ዕድሜ ልካቸውን እንሰት የፋቁ ሴት ክንድ ነው፣ እንደ ገመድ የጠነከረ። «ተወው፣ ይሁን» አሉት ልጃቸውን። «ብቻ ያድርሰኝ።»

ነሐሴ በዚያ አገር የነፋስ ወር ነው። የቫን ሪነንን ዳገት ወጥተን ሜዳው ላይ ስንደርስ ነፋሱ ከግራ መጣ። ሣሩ ደርቆ ቢጫ ሆኗል፤ አንዳንድ ቦታ መንገድ ዳሩ ሆን ተብሎ ተቃጥሎ ጠቁሯል። ካምፐር ቁመቱ ረጅም፣ ጎኑ ሰፊ ስለሆነ ነፋስ እንደ ሸራ ይይዘዋል። ሐጂ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ከከባድ መኪናዎቹ ጋር በግራ መሥመር ይሄድ ነበር። ካራቫን የሚጎትቱ ባኪዎች፣ ፒክአፖች ማለት ነው፣ እየበረሩ ያልፉናል፤ የሚጎተተው ቤት ከኋላቸው እንደ ዳክዬ ጭራ ይወዛወዛል። ሸሪኬ እያንዳንዱ ሲያልፈን ይተነፍሳል።

«ትንሽ ጨምር።»

ሐጂ ጨመረ፤ ከዚያ በአፉ፣ «ጢጥ! ጢጥ! ጢጥ!» አለና ቀነሰ።

«ምንድን ነው?»

«ሁለተኛ ሚስቴ ናፈቀችኝ።»

እማማ ሳቁ። ከዚያ ደስ አላቸው መሰለኝ፣ ጭናቸው ላይ የያዙትን ዕቃ ከፈቱ። ቆጮ በቅቤና በአይብ ነበር። ሥጋ አላደረጉበትም፤ ሐጂ የእኛን እርድ እንደማይበላ ያውቃሉና፣ እንዲበላ ብለው ከሌሊቱ ጀምሮ አስበውበታል። እጃቸውን በሳኒታይዘር አሹ፤ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉና በሁለቱ ወንበሮች መካከል እጃቸውን ዘረጉ።

«እንካ፣ ልጄ። በሞቴ።»

በእኛ ዘንድ የእናት ጉርሻ አይመለስም። ሐጂ ግን ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ «ጢጥ! ጢጥ!» አለ። «እማማ፣ ስቆም እጥፍ አድርገው ያጉርሱኝ። አሁን አፌም እጄም የመሪው ነው።»

እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። ሸሪኬ አንገቱን አዙሮ ጉርሻውን በላው።

ዋርደን የምትባለውን ከተማ እንዳለፍን የእማማ ስልክ ጮኸ። አማቻቸው ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩላቸው። ልጅቱ ለምርመራ ሄዳ ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ነገ ሳይሆን ዛሬውኑ ግቢ ብለዋታል። ልብሷን ለመያዝ ወደ ቤት መጥተዋል፤ የቻለውን ያህል አዘግይቶ ይወስዳታል። «የት ደረሳችሁ?» አለ። 

እማማ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አደረጉ። «ንዳ» አሉት።

ሐጂ ነዳ። ነገር ግን ቪሊየርስ ከተማ አጠገብ፣ ከወንዙ ድልድይ በፊት ካለው ማደያ ስንደርስ የፍሬቻውን መብራት ሲያበራ አየሁ። መጀመሪያ ለነዳጅ መሰለኝ። ከባድ መኪናዎች ከሚያርፉበት ጠርዝ አቆመና ሞተሩን አጠፋ።

«ምን ሆነ?» አለ ሸሪኬ።

«ዕረፍቴ ነው።»

 ከዚያ ሸሪኬ ጮኸ፤ የጮኸውን ሁሉ አልጽፍም። እማማ ግን አልጮኹም። ወደ ፊት አጎነበሱ። «ልጄ» አሉ፣ «እናት የለህም? እግርህ ላይ ልውደቅ?»

ሐጂ ወደ ኋላ ዞረ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «እባክዎ እንዲህ አይበሉኝ፣ እማማ። ዓይኔ ከቅድም ጀምሮ ነጩን መሥመር ሁለት አድርጎ እያየው ነው። ነፋሱ ክንዴን ጨርሶታል። ስተኛ ይርገሙኝ። ስነሣ እንሄዳለን።»

«ቁልፉን ስጠኝ፣ እኔ ልንዳ» አለ ሸሪኬ።

«ፈቃድህን አሳየኝ።»

«አንተ ፖሊስ ነህ?»

«ዛሬ አዎ።»

ወርዶ መኪናውን ዞረ። እያንዳንዱን ጎማ በእጁ ጀርባ ነካ፤ የትኛው ከሌላው ይበልጥ እንደሞቀ ለማወቅ ነው። የጎማ ብሎኖቹን አየ፤ ከኋላ ያለውን መሰላል ነቅነቅ አደረገ። ከዚያ ተመልሶ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ ጃኬቱን ፊቱ ላይ ጣለ፣ እኛም ቆመን እያየነው ተኛ። የምር ተኛ። የጭነት መኪና ሾፌር እንዴት እንደሚተኛ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ እንደሚተኛ ሰው ሳይሆን ሥራ እንደሚሠራ ሰው።

ሸሪኬ ውጪ ሲመላለስ አጠገቡ ቆምኩ። «ይህን ነው ሕግ ይሁን የሚለው?» አለኝ። «ለሽርሽር ለሚወጣም፣ ለጡረተኛም፣ እናቱን ለሚያደርስም?»  ያን ሰዓት እኔም በሐሳብ ከእሱ ጋር ነበርኩ። በመስኮቱ ወደ ውስጥ ስመለከት እማማ ቀበቶአቸውን አልፈቱም። ቆሞ ባለ መኪና ውስጥ፣ ታስረው፣ ጀርባቸውን አቅንተው፣ መንገዱን ይመለከቱ ነበር። የምግቡ ዕቃ ክዳኑ ተዘግቷል።

ሐጂ ማንም ሳይቀሰቅሰው ነቃ። ፊቱን በጠርሙስ ውኃ ታጠበ፤ ጉርሻ አልጠየቀም፤ ማንም አላጎረሰውም። የቀረውን መንገድ ሁሉ በአፉም ጢጥ አላለም። ሃይደልበርግን እንዳለፍን ስልኩ እንደገና ጮኸ። አማቹ ሆስፒታሉ በር ላይ ነበር። አስገብተዋታል፤ እሱን መልሰውታል።

እማማ ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩ።  ጆሀንስበርግ ዳር ያሉት የማዕድን አፈር ክምሮች ቢጫ ሆነው ሲታዩን፣ «አንተ ስትተኛ ነው ያመለጠችኝ» አሉ።

«አዎ፣ እማማ» አለ ሐጂ።

ከዚያ በላይ አልጨመረም። ስለ ነፋሱ አላወራም፤ አላልኳችሁም አላለም። በዚያ ቀን ካደረገው ሁሉ አሁን ድረስ የሚደንቀኝ ይኸ ነው።

ሆስፒታሉ ውስጥ ለውስጥ ከሆነ መንገድ ዳር ነው። አጥሩ ረጅም የጡብ ግንብ ሲሆን ላዩ ላይ ሽቦ አለው። አማቹ ከግንቡ ሥር ቆሞ ነበር። ወደ ላይ ጠቆመን፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ከጫፉ ሦስተኛው መስኮት። እሱ ከመንገዱ ማዶ ከሄደ መስኮቱ ይታየዋል፤ እሷ ግን ግንቡና ዛፉ ስለሚከልሏት እሱን አታየውም። በስልክ እያናገራት ነበር። «እማዬ፣ ስልክ ላይ ናት» ብሎ ለእማማ ሰጣቸው። እማማ ስልኩን መለሱለት።

«በስልክማ ወራት ሙሉ አይቻታለሁ።»

ሐጂ ግንቡን አየ። ካምፐሩን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«መጽሐፉ ስለ ጣሪያው ምን ይላል?»

አነበብኩት ብዬ ነበር። «አንድ ሰው ይችላል» አልኩት። «ከመሰላሉ አጠገብ ባለው፣ ብረት በሚያልፍበት መሥመር ላይ ብቻ። የአየር ማስገቢያውን ክዳን መርገጥ ክልክል ነው።»

«አብደሃል?» አለ ሸሪኬ ለሐጂ። «ጠዋት አልጋ ላይ አትተኛም ያልካትን ሴት ጣሪያ ላይ ልታወጣት?»

«ጎማ ሲቆም የመንገድ ሕግ ያበቃል» አለ ሐጂ። «የመሰላል ሕግ ይጀምራል።»

ካምፐሩን ከግንቡ ጋር አጠጋጋው። ማርሽ አስገባ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ጎማዎቹ ሥር ከፊትም ከኋላም ታኮ አደረገ። እማማን ጫማቸውን አስወለቃቸው። «ሁለት እግርና አንድ እጅ፣ ወይም ሁለት እጅና አንድ እግር፣ ሁልጊዜ መሰላሉ ላይ ይሁን» አላቸው። ሸሪኬ ከአንድ ጎን፣ እኔ ከሌላው ያዝን። አማቹ ስልኩን በጆሮው እንደያዘ ወደ መስኮቱ ይጮሃል። ለእማማ ግን ምንም ማለት አላስፈለገም። እንሰት የፋቀው ክንድ ሰውነታቸውን እንደ ምንም ሳበው። ጣሪያው ላይ ወጡ፤ እኔ ከታች ሆኜ በጣቴ ባሳየኋቸው መሥመር ላይ ቆሙ፤ ነጠላቸውን ነፋሱ ወሰደው፣ ያዙት።

ዘበኛው እየሮጠ መጣ። «ሃይቦ! ጎጎ! ጎጎ!» እያለ፤ ጎጎ አያት ማለት ነው። በዙሉ ሰላም አልኩትና ሱቅ ላይ በተማርኳት ቋንቋ ልጃቸው እዚያ እንዳለች፣ ዛሬ እንደምትወልድ ነገርኩት። ወደ ላይ አየ። መስኮቱ ላይ አንዲት ሴት ሁለት መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ቆማለች። ዘበኛው ተነፈሰ፤ ከዚያ ወደ መንገዱ ወጥቶ ከኋላችን ጥሩምባ የሚነፉትን ታክሲዎች በእጁ እያሳለፈ ማስተናገድ ጀመረ።

እማማ እጃቸውን ዘረጉ። በዚያ ርቀት፣ በአየር ላይ፣ የልጃቸውን ሆድ እንደሚዳብስ ሰው መዳፋቸውን ከላይ ወደ ታች አንቀሳቀሱ። በቋንቋቸው ጮኸው መረቁ። ልጅቱ መስኮቱ ውስጥ ሆና አንገቷን ዝቅ አደረገች።

ሲወርዱ ሐጂ ከሥር ቆሞ የእያንዳንዱን እግር ቦታ እየነገራቸው ነበር።  ባዶ እግራቸውን ካምፐሩ ውስጥ ገብተው ዕቃቸውን ይዘው ወጡ፣ እጃቸውን አሹ፣ የሚያህለው የሌለ ጉርሻ ጠቀለሉ። ሐጂ ማስኩን ወደ አገጩ አወረደ። ጎረሰ። ሳይውጥ ሁለተኛው ተዘረጋለት።

«እጥፍ ብለሃል» አሉት።

«ሳኒታይዘሩ ግን በዝቷል» አለ አፉ ሞልቶ፤ እማማም ያን ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ሳቁ።

ልጅቱ በማግሥቱ ወለደች፤ ሴት ናት። እናትና ልጅ በሰላም ወጡ። እማማ ትሮይቪል ግቢ ውስጥ ካምፐሩ ውስጥ ሆነው በአበባው መጋረጃ መሐል ሕፃኗን በመስኮት ሲያዩ ቆዩ፤ የቡላውን ገንፎም በካምፐሩ ምድጃ ላይ እያገነፉ ያቀብሉ ነበር። ሐጂ በጉን ገዛ፤ የሽማግሌው ነው ብሎ ሰጠ።

ከዚያ ወዲህ ሰዎች ሱቃችን ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ ይከራከራሉ፤ ሸሪኬ ራሱ ነው የሚያስጀምረው። ካምፐር የሚነዳ ሰው እንደ ጭነት መኪና ሾፌር ይመርመር? ዕረፍቱ ይቆጠር? ትራከር ይገጠምበት? እኔ አብዛኛውን ይሁን እላለሁ። ያን ያህል ክብደት የሚነዳ ሰው ዓይኑ ቢታይ፣ ጭነት አጫጫን ቢማር፣ ሲደክመው መቆም ግዴታው ቢሆን ማን ይጎዳል? ለሽርሽር መሄዱ መኪናውን አያቀለውም። ትራከሩ ላይ ግን ከሸሪኬ ሐሳብ ጋር ነኝ፤ የት እንደሄድኩ ለማላውቀው ሰው የሚናገር ዕቃ ደስ አይለኝም፤ ያን ነገር የእኛ ሰው ያውቀዋል። ሐጂን ስጠይቀው፣ «እኔም መጀመሪያ ልነቅላት ነበር» አለኝ። «አሁን ባትኖርም ትሰማኛለች።» የዚያን ቀን ካምፐሩ ላይ ማንም አልጠበቀውም ነበር። ሕጉ አላስገደደውም። ቢነዳና እማማን በሰዓቱ ቢያደርስ ሁላችንም እንመርቀው ነበር። ምናልባትም በሰላም ይደርስ ነበር፤ ይህን አልክድም። እሱ ግን ሊረገም መረጠ።

አሁን ከእኔ ጋር ለነበራችሁት፦ ያጎደልኩት ካለ ጨምሩበት። መሰላሉን ከግራ የያዝኩት እኔ ነበርኩ ወይስ ሸሪኬ? ዘበኛው ባርኔጣውን ያወለቀው መቼ ነው? ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር እፈልጋለሁ። እማማ ጣሪያው ላይ ሆነው የጮኹትን ቋንቋ እኔም ሐጂም አንሰማም፤ አማቹ ስልኩን ወደ ላይ ዘርግቶ መስኮቱን ብቻ ያይ ነበር፤ ሸሪኬም የታክሲዎቹ ጥሩምባ ዋጠብኝ ይላል። ያን ምርቃት የሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ፣ በመስታወቱ ውስጥ፣ በባልሽ ስልክ። ልጅሽ አድጋ እዚህ ጽሑፍ ላይ ስትደርስ ባዶ እንዳይሆንባት፣ ምን እንዳሉሽ ንገሪኝና በቦታው ላስገባው።